ባለቤቱ ዝም ያለ ሞጁል፦ በጋራ የኮድ ማከማቻዎች ስለ ስም፣ ስለ አደራና ስለ ርክክብ

(በኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)

የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ሲነገር ደረቅ ይመስላል። አንድ ሰው ከዓመታት በፊት ጽፎ ለሁሉም ያበረከተው ሞጁል አለ። ሰውየው አሁን ለደብዳቤ መልስ አይሰጥም። ሞጁሉ ግን የብዙ ፕሮግራሞች መሠረት ሆኗል፤ ስሕተትም ተገኝቶበታል። ይህን ሞጁል ማን ሊነካው ይችላል? በማን ፈቃድ? ስንት ቀን ጠብቆ? ጥያቄው ይህ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ፤ በእኛ አቆጣጠር የምናገረው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ ስደርስ እገልጻለሁ።

ምሳሌዎቼን በብዛት የምወስደው ሲፓን ከሚባለው የፐርል ቋንቋ የሞጁሎች ማከማቻ ነው። ወጣቶቹ ተማሪዎች ፐርልን በስም ብቻ ታውቁት ይሆናል፤ «ዛሬ ማን ይጽፍበታል?» እያላችሁ በልባችሁ እንደምታጉረመርሙም አላጣሁትም። የመረጥኩት ግን ስላረጀ ነው። ሲፓን ሥራ የጀመረው በ1995 ነው። ይህን ያህል ዕድሜ ባለው ማከማቻ ውስጥ ደራሲዎች ሥራ ይቀይራሉ፣ ወደ ሌላ ቋንቋ ይሄዳሉ፣ ይታመማሉ፣ ከዚህ ዓለምም ይለያሉ። ስለዚህ የፓይተኑ ፓይፒአይና የጃቫስክሪፕቱ ኤንፒኤም ኋላ የደረሱባቸውን ብዙ ጥያቄዎች ሲፓን ቀድሞ ተጋፍጧቸዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ደራሲው ፓውዝ በሚባለው አገልጋይ ላይ ይመዘገባል። አንድን የሞጁል ስም መጀመሪያ የጫነ ሰው የዚያ ስም ባለመብት ይሆናል፤ ከፈለገም ሌሎችን የጋራ ተንከባካቢ አድርጎ ይጨምራል። ፈቃድ የሌለው ሰው በዚያው ስም ቢጭን ፋይሉ ይቀመጥለታል፤ ሆኖም ማውጫው ወደ እርሱ አያመለክትም። ማውጫው ካላመለከተ ደግሞ ሞጁሉን በስሙ የሚጠራ ተጠቃሚ ያንን ፋይል አያገኘውም።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ኮዱ በክፍት ፈቃድ የወጣ ስለሆነ ማንም ሊቀዳው፣ ሊያርመው፣ መልሶ ሊያሰራጨው ይችላል። ስሙ ግን የአንድ ሰው ነው። «ደራሲው ቢጠፋ ምን ገዶን፤ ቀድተን በሌላ ስም እንቀጥል» የሚለው መልስ በሕግ ረገድ ሙሉ ነው፤ በተግባር ግን ጎዶሎ ነው። በሌላ ስም የወጣው የታረመ ቅጂ የሚደርሰው ወሬውን ለሰማ ሰው ብቻ ነውና። በአሮጌው ስም የሚጠሩት ፕሮግራሞች ሁሉ አሮጌውን ስሕተት ይዘው ይቀጥላሉ። እንግዲህ ባለቤቱ ሲጠፋ በእርግጥ ሜዳ ላይ የሚቀረው ስሙና በስሙ ላይ የተጣለው እምነት ነው። በቋንቋችን ለዚህ ነገር ከ«ባለቤትነት» ይልቅ «አደራ» የሚለው ቃል ይቀርበዋል፤ በዚህ ገለጻ ውስጥም «ተንከባካቢ» የምለው የአደራ ጠባቂውን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መለየት ያለበት ግን ዝምታው ራሱ ነው። ለዓመታት አዲስ እትም ያልወጣለት ሞጁል ሁሉ የተተወ አይደለም። ለእኛ ቅርብ የሆነ ምሳሌ ልስጥ። በሲፓን ላይ የተራውን ቁጥር ወደ ግዕዝ ቁጥር የሚለውጥ ሞጁል አለ፤ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚያሰላም አለ። ሥራቸውን አስቡት። አኃዞቹን ከቀኝ ወደ ግራ ሁለት ሁለት አድርጎ መክፈል፣ በመካከላቸው ፻ን እና ፼ን በየተራ ማስገባት፣ ከ፻ በፊት የምትመጣውን ፩ መጣል። ሕጉ ከመቶ ዓመት በኋላም ይኸው ነው። ዘመን አቆጣጠራችንም በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ከማድረግ በቀር ሌላ ውስብስብ ነገር የለበትም። እንዲህ ያለውን ሥራ በትክክል ጨርሶ ያስቀመጠ ሰው በየስድስት ወሩ አዲስ እትም እንዲያወጣ መጠበቅ፣ የተጠናቀቀ ቤት ባለቤት በየዓመቱ ግድግዳ እንዲያፈርስ እንደ መጠየቅ ነው። በእኔ ግምት «የመጨረሻው እትም የወጣበት ቀን» የሚባለው መመዘኛ ብቻውን ከሚጠቅመው ይልቅ የሚያሳስተው ይበዛል።

ሆኖም ኮዱ ባይለወጥም ዓለሙ ይለወጣል። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ተጨማሪ ሆሄያት ተመዝግበዋል፤ በመጨረሻው ላይ የጉራጌ ቋንቋዎች የሚጽፉባቸው ይገኙባቸዋል። ሆሄያትን በቤታቸው የሚመድብ ሠንጠረዥ የያዘና በ2003 የተጻፈ ሞጁል ስለ እነዚህ ሊያውቅ አይችልም። ደግሞም አይጮህም፤ የስሕተት መልእክት አይሰጥም፤ ሆሄውን እንዳላየ አልፎት ይሄዳል። የቁጥሩ ሞጁልና የሆሄው ሞጁል በአንድ ዓመት ተጽፈው፣ በአንድ ዓመት ዝም ቢሉ አንዱ ተጠናቋል፣ ሌላው ግን ሰው ይፈልጋል።

ከዚህ የከፋውም አለ። ፐርል እስከ 2017 ድረስ ሞጁል ሲፈልግ ፕሮግራሙ የሚሠራበትን ማኅደር ጭምር ይመለከት ነበር። ይህ ለጥቃት በር ስለሚከፍት በዚያው ዓመት በወጣው 5.26 እትም ተወገደ። ውሳኔው ትክክል ነበር። ነገር ግን በዚያ ልማድ ላይ ተመርኩዘው ይጫኑ የነበሩ ብዙ አሮጌ ሞጁሎች ፊደል ሳይለወጥባቸው አንጫንም አሉ። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ አንድ መስመር ነው። ያን አንድ መስመር የሚጨምር እጅ ሞልቷል፤ በዚያ ስም ለመጫን ሥልጣን ያለው ሰው ግን ደብዳቤ አይመልስም። የተተወ ሞጁል ችግር እርቃኑን የሚታየው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

የጉዳቱ መጠን ሞጁሉ በሚገኝበት ቦታ ይወሰናል። ከ2015 ጀምሮ የሲፓን ሰዎች «የሲፓን ወንዝ» የሚል ጥሩ አነጋገር አላቸው። ሌሎች የሚመረኮዙባቸው ሞጁሎች ከወንዙ ራስ ናቸው፤ ማንም የማይመረኮዝባቸው ከግርጌው። በራስጌ የደፈረሰ ውኃ በግርጌ ላለው ሁሉ ይደርሳል፤ በግርጌ የደፈረሰው የሚጎዳው ቀጂውን ብቻ ነው። መጠን ሊያታልል እንደማይገባ ደግሞ በመጋቢት 2016 በኤንፒኤም የደረሰው ያስረዳል። ሌፍትፓድ የምትባል፣ በጽሑፍ ግራ በኩል ባዶ ቦታ ከመሙላት በቀር ሌላ ሥራ የሌላት፣ 11 መስመር የሆነች ሞጁል ነበረች። ደራሲዋ በሌላ ሞጁል ስም ክርክር ተቀይሞ ሥራዎቹን በሙሉ ከማከማቻው ሲያነሣ በእርሷ ላይ የቆሙ እጅግ ብዙ ፕሮግራሞች መገንባት አቃታቸው። ማከማቻው በሰዓታት ውስጥ መለሳት፤ ከዚያም የማንሣት ደንቡን አጠበቀ። ሲፓን በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፤ ደራሲዎች የሰረዟቸውን እትሞች ጭምር የሚያኖር ባክፓን የሚባል ቤተ መዛግብት ስላለው።

አሁን ወደ ርክክቡ ልምጣ።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን (በእኛ አቆጣጠር የተናገርኩት ይህ ነው) ለሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው እንደ ጠፋ በፍርድ ቤት እንዲነገር ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሰዎች መጠየቅ እንደሚችሉ ይደነግጋል። አድራሻው ያልታወቀ ተከሳሽም በጋዜጣ ጥሪ ሲደረግለት ሁላችሁም አይታችኋል። የሕጉ አስተሳሰብ ግልጽ ነው፤ የሌለን ሰው መብት ከመንካት በፊት መፈለግ፣ ፍለጋውንም በአደባባይ ማድረግ። የሞጁል ማከማቻዎች ሕግ አዋቂ ሳይቀጥሩ ወደዚሁ አስተሳሰብ ደርሰዋል።

በሲፓን ተረካቢ ሊሆን የሚሻ ሰው መጀመሪያ ለደራሲው በቀጥታ ይጽፋል። እርማቱን ሠርቶ ይልክለታል፤ «ስጠኝ» ከማለት በፊት «ይኸው ሠርቼልሃለሁ» ማለት ነው። መልስ ካጣ በሌላ አድራሻ ይሞክራል፤ በስሕተት መመዝገቢያውም ላይ ሐሳቡን ያስታውቃል። ከዚያ ለፓውዝ አስተዳዳሪዎች የመልእክት ዝርዝር ይጽፋል፤ ይህ ጽሑፍ ማንም የሚያነበው ስለሆነ እንደ ጋዜጣው ጥሪ ማለት ነው። አስተዳዳሪዎቹ ከበቂ ጊዜ በኋላ ፈቃዱን ይጨምሩለታል። ደራሲውም ሳይጠፋ ሐሳቡን የሚያስታውቅበት ብልሃት አለ። በፈቃድ መዝገቡ ላይ ሰው ያልሆኑ ሦስት ተጠቃሚዎች አሉ፤ ትርጉማቸው «አሳድጉኝ»፣ «ላስረክብ» እና «እርዳታ እሻለሁ» ነው። ደራሲው ከእነዚህ አንዱን በሞጁሉ ላይ ከጨመረ የሚመለከተው ሁሉ ይረዳዋል። «አሳድጉኝ» የሚለውን ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጡት ግን አስተዳዳሪዎቹ ናቸው፤ ደራሲው ሲሞት ወይም ጨርሶ ሲጠፋ።

ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ሥርጭትም ተመሳሳይ መዝገብ አለው፤ ወላጅ አልባ የሆነውን፣ ተረካቢ የሚፈለግለትንና እርዳታ የሚፈለግለትን ጥቅል ለይቶ ያስቀምጣል። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ችላ የተባለን ጥቅል «ላድነው አስቤአለሁ» ብሎ በአደባባይ ለሚያስታውቅ ሰው መንገድ ከፍቷል፤ ቢያንስ 21 ቀን ይጠብቃል፤ ተንከባካቢው በመካከል ድምፁን ካሰማ ነገሩ ይቆማል። ፓይተን በዚያው ዓመት ያጸደቀው ፔፕ 541 የተባለው ደንብ ከዚህም የጠበቀ ነው። ባለቤቱን ቢያንስ ሦስት ጊዜ መፈለግ ያስፈልጋል፤ ፍለጋው የሚቆመው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። አዲስ እትም ለ12 ወር አለመውጣቱም ብቻውን በቂ አይደለም፤ ባለቤቱ የማይገኝ መሆን አለበት፤ በፕሮጀክቱ ገጽ ላይም እንቅስቃሴው መጥፋት አለበት። ተረካቢው በራሱ ቅጂ ላይ ያሻሻለውን አሳይቶ፣ በሌላ ስም መቀጠል ለምን እንደማይበቃው ማስረዳት ይጠበቅበታል።

እነዚህን ቀነ ገደቦች ተማሪዎች ሲሰሙ ይቆጣሉ። «አንድ መስመር ለመጨመር ስድስት ሳምንት?» ይላሉ። ከድኅረ ምረቃ ተማሪዎቼ አንዷ ለአማርኛ ጽሑፍ ጥናቷ የምትፈልገው ሞጁል ከእንደዚህ ያለ ዝምታ ጋር አገናኝቷት ነበር። እርማቱን ሠርታ ላከች፤ ጠበቀች፤ እስከዚያው በራሷ ኮምፒውተር ላይ የታረመውን ቅጂ ተጠቀመች። ደራሲው በአምስተኛው ሳምንት መለሰ፤ ሥራ ቀይሮ አሮጌውን ኢሜይል መክፈት ትቶ ነበር። በማግስቱ የጋራ ተንከባካቢ አደረጋት። አምስቱ ሳምንታት ጥናቷን አንድ ቀን አላዘገዩትም፤ ምክንያቱም የቸኮለው ሥራዋ እንጂ ስሙ አልነበረም። ይህን ልዩነት የሚረዳ ሰው በጥበቃው አይማረርም።

መቸኮል ምን እንደሚያስከትል ለማየት ወደ 2018 እንመለስ። በኤንፒኤም ላይ ኢቨንትስትሪም የሚባል፣ በሳምንት ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ የሚወርድ ሞጁል ነበር። ደራሲው ራሱ መጠቀም ትቶታል። አንድ የማያውቀው ሰው ልንከባከበው ብሎ ጻፈለት፤ ሰጠው። አዲሱ ተረካቢ ጥቂት ንጹሕ ሥራ ከሠራ በኋላ ሌላ ትንሽ ሞጁል እንዲጎትት አደረገው፤ በዚያ ውስጥ ኮፔይ ከተባለ የቢትኮይን ቦርሳ ለመስረቅ የተዘጋጀ ስውር ኮድ ነበር። ነገሩ እስኪገለጥ ከሁለት ወር በላይ አልፏል። ብዙዎች ደራሲውን ወቀሱት። እኔ በዚህ አልስማማም። ያለ ክፍያ ለዓመታት የሠራ ሰው ሸክሙን «እኔ ልያዝልህ» ላለው መስጠቱ የሚጠበቅ ነው። የጎደለው በመካከል የሚቆም ምስክር ነበር፤ ርክክቡ በሁለት ሰዎች መካከል ተጀምሮ በሁለት ሰዎች መካከል አለቀ።

በግንቦት 2022 ደግሞ ርክክብ እንኳ አላስፈለገም። በፓይፒአይ ላይ ሲቲኤክስ የተባለ፣ ከ2014 ጀምሮ ያልተነካ ጥቅል ነበር። የባለቤቱ ኢሜይል የተመሠረተበት የድረ ገጽ ስም የኪራይ ዘመኑ አልፎበት ነበር። አንድ ሰው ያንን ስም ለራሱ አስመዘገበ፤ ኢሜይሉ የእርሱ ሆነ፤ የይለፍ ቃሉን አስቀየረ፤ የተጠቃሚዎችን ምስጢራዊ መረጃ የሚልክ እትም ጫነ። ይህችን ታሪክ አትርሱብኝ፤ መጨረሻ ላይ እፈልጋታለሁ።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን የኤክስዜድ ጉዳይ ነው። ኤክስዜድ ፋይል የሚያጭቅ ሶፍትዌር ነው፤ በሊኑክስ ሥርጭቶች ሁሉ ማለት ይቻላል ይገኛል። የሚንከባከበው በዋናነት አንድ ሰው ነበር፣ በትርፍ ጊዜው፣ ያለ ክፍያ። ይህ ሰው አልጠፋም፤ ዘገየ እንጂ። በ2022 በመልእክት ዝርዝሩ ላይ የማይታወቁ ስሞች ብቅ እያሉ ይነዘንዙት ጀመር፤ ሥራው ተጎትቷል፣ ሌላ ሰው ይረከበው አሉ። እርሱም በአደባባይ የጤና ችግር እንዳለበት፣ ይህም ያልተከፈለ የትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑን ጻፈ። በዚያው ወቅት ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ ሰው በትዕግሥት እርማት እያቀረበ ይረዳው ነበር። ቀስ በቀስ የጋራ ተንከባካቢ ሆነ። በ2024 መጀመሪያ በወጡት 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ በርቀት ወደ አገልጋዮች መግቢያ የሚከፍት ስውር በር ተገኘ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው፤ ወደ ኮምፒውተሩ በርቀት ሲገባ ከወትሮው ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ምክንያቱን ፈልጎ መጋቢት 29 ቀን ይፋ አደረገው።

ይህ ታሪክ ቀደም ብዬ ያወደስኩትን ሥርዓት ራሱን ይፈትነዋል። ጂያ ታን አልቸኮለም፤ ከሁለት ዓመት በላይ ጠብቋል። በአደባባይ ሠርቷል፤ ሥራውንም አሳይቷል። ቀነ ገደብና የአደባባይ ጥሪ አያቆሙትም ነበር። ታዲያ ሥርዓቱ ከንቱ ነው? አይመስለኝም፤ ግን ሥርዓቱ የሚጀምረው ዘግይቶ ነው። የሲፓንና የፓይተን ደንቦች የተጻፉት ለጠፋ ሰው ነው። የኤክስዜድ ተንከባካቢ ያልጠፋ ግን የደከመ ሰው ነበር። ለደከመ ሰው ያሉን ሁለት ነገሮች ብቻ ሆነው ቆይተዋል፤ ወቀሳ ወይም ተረካቢ። ወቃሾቹና ተረካቢው ደግሞ በአንድ ጊዜ ሲመጡ ሰውየው ምን ያድርግ? እውነተኛ ተጠቃሚ ኩባንያዎችና ዩኒቨርሲቲዎች ከመካከላቸው ሦስትና አራት የታወቁ ሰዎችን አስቀድመው ቢያሰልፉለት ኖሮ ለአንድ ባዕድ ብቻ ባልተደገፈ። እዚያ ዝርዝር ላይ እውነተኛ ተጠቃሚዎች አመስግነው ቢጽፉለት እንኳ የሐሰተኞቹ ድምፅ ብቻውን ባልተሰማ ነበር።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ልመለስ። ፋኩልቲያችን ለትምህርትና ለምርምር በሚጠቀምባቸው ሥርዓቶች ውስጥ ስንት የሰው ሥራ እንዳለ በአንድ ዝርዝር አልተጻፈም። የመጀመሪያው ሥራ እርሱ ነው፤ ከባድም አይደለም፤ አንድ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር ይጨርሰዋል። ዝርዝሩ ሲወጣ ከወንዙ ራስ ያሉትን ለይተን፣ የእያንዳንዱን ዝምታ መርምረን፣ የተጠናቀቀውን በሰላም መተው፣ ሰው የሚፈልገውን ደግሞ ደራሲው ገና መልስ በሚሰጥበት ጊዜ ማነጋገር እንችላለን። ለምረቃ ጽሑፍ የተሠራ እርማት ወደ ምንጩ ቢላክ ከመደርደሪያ ይልቅ ይጠቅማል፤ እኔ የማማክራቸው ተማሪዎች ይህን እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ፤ ሌሎች መምህራንም እንድታስቡበት አሳስባለሁ።

ሁለተኛው ስለ እኛው ሥራዎች ነው። ተማሪዎቻችን በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ተመዝግበው ሞጁል ያወጣሉ። ሲመረቁ አድራሻው ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ስሕተት ያገኘ ሰው የሚጽፈው ለማንም አይደለም፤ የይለፍ ቃሉን የረሳው ባለቤትም ራሱ መግባት አይችልም። የሲቲኤክስን ታሪክ አቆዩልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ በየማከማቻው ያለውን መዝገባችሁን ክፈቱ። ከምረቃ በኋላ የሚኖር አድራሻ አስገቡ፤ የምታምኑትን አንድ ሰው የጋራ ተንከባካቢ አድርጉ፤ ሥራው አልቆ ከሆነም «ተጠናቋል፤ ስሕተት ካገኛችሁ ግን እመልሳለሁ» ብላችሁ በመግለጫው ላይ ጻፉ። ከመቀመጫችሁ ሳትነሡ በስልካችሁ ማድረግ የምትችሉም አላችሁ፤ እስከዚያ እኔ ከፊት ረድፍ ጀምሬ ጥያቄዎችን እቀበላለሁ።